ፓዌ፦ ተከትለው የመጡ ሰዎች ከተማ

ፓዌ የገባ እንግዳ ከሰላምታ ቀጥሎ «በምን ጉዳይ መጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠያቂው ነገረኛ ሆኖ አይደለም፤ ያለ ጉዳይ ፓዌ የሚሄድ ሰው ስለማይገኝ ነው። ተመራማሪ ለአኩሪ አተሩ፣ ሐኪም ለሆስፒታሉ፣ ነጋዴ ለሰሊጡ፣ ኦዲተር ለሰነዱ ይወርዳል። ሁሉም ደብዳቤ ይዟል፤ ለሁሉም አበል ይታሰብለታል። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት እኔ የነበረኝ መልስ ግን ለጠያቂዎቼ እንግዳ ነበር፦ «ባለቤቴን ተከትዬ ነው።»

ባለቤቴ የሰብል ተመራማሪ ናት። መኸር በደረሰ ቁጥር «ፊልድ» ትወጣለች፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ። የዚያን ዓመት የእረፍት ፈቃዴ ከእሷ ጉዞ ጋር ስለገጠመ አብሬያት ወረድኩ። ሚስት ባሏን ተከትላ አገር ብታቋርጥ «ለምን?» የሚል የለም። ባል ሚስቱን ሲከተል ግን ዘበኛውም፣ የሻይ ቤቷ ልጅም፣ የባጃጁ ሹፌርም ማብራሪያ ይፈልጋሉ። አንዱ ሹፌርማ ጉዳዩን ካጤነ በኋላ «ታዲያ አበሉን ትካፈላላችሁ?» አለኝ።

ውሎ ሲያድር ግን ይህ መልስ ከየትኛውም የትብብር ደብዳቤ የተሻለ በር ከፋች ሆኖ አገኘሁት። ያነጋገርኳቸው አዛውንቶች፣ በተለይ እናቶች፣ ቃሉን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ወንበር ይስቡልኛል። እነሱም እኮ ሰው ተከትለው የመጡ ናቸው።

ወደ ቆላው

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስን አልፎ እንጅባራ ድረስ ያለው መንገድ ከአባይ በረሃ በስተቀር ደጋ ለደጋ ነው። እንጅባራ ያደረ ሰው ብርድ ልብስ ደርቦ ይተኛል። በማግስቱ መንገዱ ወደ ምዕራብ ይታጠፍና ቁልቁል ይወርዳል። ጫግኒ ላይ ጃኬት ይወልቃል፤ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ግልገል በለስ ላይ የሸሚዝ እጅጌ ይጠቀለላል። በዚያ ሰሞን መንገዱን የያዙት ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች ነበሩ። ጉዟቸው ከፓዌ መገንጠያ አልፎ፣ ማምቡክን ተሻግሮ፣ ጉባ ላይ ይሠራ ወደነበረው የህዳሴ ግድብ ነው። እኛ መገንጠያው ላይ ታጠፍን።

ፓዌ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዓመት በአማካይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ የቀን ሙቀቷ በአማካይ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሙቀትና እንዲህ ያለ ዝናብ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ለሰብል በረከት ነው፤ ለወባ ትንኝም እንደዚያው። ባለቤቴ ሻንጣዋን ሳትከፍት መጀመሪያ ያየችው የአልጋውን አጎበር ነው፤ ቀዳዳ ስታገኝበት በመርፌ ሰፍታ ነው የተኛችው። መስከረምና ጥቅምት ዝናቡ ሲያቆም፣ ያቆረው ውኃ ሳይደርቅ፣ የወባ ወራት ናቸው።

የፓዌ ወረዳ ዋና ከተማ አልሙ ትባላለች። ባጃጆች ይመላለሱባታል፤ የማንጎ ዛፎች ጥላ በየአጥሩ ይወድቅባታል። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ግን አድራሻ ስም መሆኑ ይቀራል። «የት ነው ቤትዎ?» ብለው ቢጠይቁ «መንደር 7»፣ «መንደር 24»፣ «መንደር 134» ይሉዎታል። ቁጥሩ ያለ ታሪክ አልመጣም።

ቁጥር የተሰጠው ሕዝብ

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሰሜኑን ሲያረግፈው የደርግ መንግሥት ትልቅ የሰፈራ ዘመቻ አወጀ። ዕቅዱ 1.5 ሚሊዮን ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ማጓጓዝ ነበር፤ በሁለት ዓመት ገደማ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተጓጓዘ። ያኔ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረው መተከል የገባው ሕዝብ ከ80,000 በላይ ይሆናል። ከወሎና ከሰሜን ሸዋ ረሃብ ያፈናቀለው፣ ከከምባታና ከሐዲያ መሬት የጠበበው ሰው በአንድ ሸለቆ ተሰበሰበ። ወዶ የሄደ አለ፤ ከገበያ ተይዞ የሄደም አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ክረምቱን ዘምተው ጎጆ ሠሩ። ጎጆዎቹ በቀጥታ መስመር ተደረደሩ፤ መንደሮቹ በቁጥር ተጠሩ።

በ1978 ዓ.ም. ደግሞ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ። ሥራውን የያዘው ሳሊኒ የተባለው የጣሊያን ተቋራጭ ነው። ጫካው በዶዘር ተመነጠረ፤ መንገድ፣ ሆስፒታል፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። በለስ ሸለቆ በትራክተር ይታረስ ጀመር። ገበሬው የራሱ ማሳ አልነበረውም፤ በአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ታቅፎ በጋራ ይሠራል፣ የሥራው ነጥብ ይመዘገብለታል። ለእያንዳንዱ አባወራ የተተወለት ጎጆውና የጓሮ ቁራሽ መሬት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ «አባወራ» የሚለውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሰፈራው ሲታቀድም፣ ሲጓጓዝም፣ ሲታደልም የሚቆጠረው በአባወራ ነበር። ሚስትና ልጆች «የቤተሰብ ብዛት» በሚለው ረድፍ በአኃዝ ይገባሉ። በየሰፈራው ጣቢያ እንደታየው በጥድፊያው ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል፤ ባል በአንዱ መኪና፣ ሚስት በሌላው። ስለዚህ ፓዌ ውስጥ «እንዴት መጣችሁ?» ሲባሉ ብዙ ሴቶች የሚያወሩት ስለ ድርቁ አይደለም። የሚያወሩት ባላቸውን ወይም ወንድማቸውን ፍለጋ ስለሄዱበት መንገድ ነው።

ባለቤቴ ማሳ በዋለች ቀን በእግሬ ከሄድኩባቸው መንደሮች በአንዱ፣ ከወሎ የመጡ አንዲት እናት ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ጀበናው የሸክላ ነው፤ ረከቦቱ ግን ከቆርቆሮ ተቆርጦ የተሠራ፣ ጠርዙ በጥንቃቄ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የፕሮጀክቱ ዘመን ቆርቆሮ መሆኑን ነገሩኝ።

«እሱን ከገበያ ይዘውት ሄዱ። እኔ ልጅ አዝዬ ጣቢያ ሄድኩና ጻፉኝ አልኳቸው። ‹የማን ሚስት ነሽ?› አሉኝ። የእገሌ አልኳቸው። ‹እሱ ሄዷል› አሉ። ‹እኔስ እሱን ብዬ አይደል የመጣሁት!› አልኳቸው።»

«አገኟቸው ታዲያ?»

«አብሽር፣ አገኘሁት። ሌላ ቀጠና ጥለውት። እኔ ነኝ በእግሬ ሄጄ ያመጣሁት፤ ትራክተሩ አይደለም።»

ሳቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ የእኔን ጉዳይ አነሡ፦ «አንተም ደግ አደረግክ። ሰው የትዳር ጓደኛውን ሥራ ካላየ ምኑን አወቃት?»

ፕሮጀክቱ ሲሄድ

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ጣሊያኖቹ ሄዱ። ትራክተሮቹ መለዋወጫና ነዳጅ አጡ፤ ንብረት ተዘረፈ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ፈረሱ። እጅግ ብዙ ሰፋሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ተመለሰ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የፓዌ ነዋሪ 45,552 ነበር።

የቀረው ሰው ከዚያ በኋላ የኖረው በዕቅድ አልነበረም። መሬቱን ተከፋፈለ፤ በሬውን የገንዲ በሽታ ሲገድልበት ሌላ በሬ ፈለገ፤ እድር አቋቋመ። ከምባታው የእንሰት ናፍቆቱን እንሰት በማይወደው ቆላ ላይ በበቆሎ አስታገሠ። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱና የጴንጤው ጸሎት ቤት በአንድ መንደር ተጎራበቱ። ለሥራ ነጥብ መመዝገቢያ የወጣው የመንደር ቁጥር የእድር ስም፣ የቡድን ስም፣ የልጅነት ትዝታ ሆነ። አልሙ ላይ ያገኘሁት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የመንደሩ ኳስ ቡድን ጎረቤቱን እንዴት እንዳሸነፈ ሲተርክልኝ ቁጥሮቹን ሲጠራ ለሰማው ውጤቱን የሚናገር ይመስላል።

ይህ ሁሉ ግን ባዶ መሬት ላይ አልተደረገም። በለስ ሸለቆ የጉሙዝ ሕዝብ አገር ነው። ጉሙዞች አንዱን ማሳ ጥቂት ዓመት አርሰው፣ አሳርፈው፣ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ገበሬዎች ናቸው። ከዱሩ ማር፣ አደን፣ ሥራሥርና ቅጠል ያገኙ ነበር። እያረፈ ያለ መሬት ለዕቅድ አውጪው «ጠፍ መሬት» ሆኖ ታየው። ዶዘሩ ያረፈውንም ዱሩንም አንድ ላይ ጠረገው። የጉሙዝ ሰው ወደ ዳር ተገፋ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሁለቱ ወገን ደም ፈሰሰ። ኋላ ነገሩ የተረጋጋው መንግሥት ስላዘዘ ብቻ አይደለም። ሰፋሪውና ጉሙዙ ቤት ለቤት ወዳጅ እየተያያዙ፣ መሬት በእኩል እያረሱ፣ ማንግማ በሚባለው የጉሙዝ የእርቅ ሥርዓት እየተቀመጡ በመኖራቸውም ነው።

በገበያ ቀን ይህንን በዓይን ማየት ይቻላል። የጉሙዝ ሴቶች ሸክማቸውን በጀርባ አያዝሉም፤ ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት ዘንግ ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው ሚዛኑን ጠብቀው ይመጣሉ። አንዷን ሴት ስከታተል ከአንዱ ጫፍ ከሰል፣ ከሌላው ቅርጫት ሙሉ ቅል ነበር። ከሰሉ ሲሸጥ ሚዛኑ ስለሚፈርስ፣ የገዛችውን ጨውና ሳሙና በከሰሉ ቦታ አደረገች፤ አልበቃም። ጎረቤቷ ሽንኩርት ሻጭ ያለ ምንም ንግግር የራሷን ድንጋይ አቀበለቻት። ድንጋዩ ለዚህ ሥራ ተቀምጦ የቆየ ነበር።

ስለ ጉሙዝ ሴቶች ከተነሣ ጋብቻቸውንም ማንሣት ግድ ነው። በልማዱ አንድ ወንድ ሲያገባ ለሙሽራዪቱ ወንድም በምላሹ እህቱን ይሰጣል። እህት የሌለው የዘመድ ልጅ ይፈልጋል። አንደኛዋ ትዳሯን ጥላ ብትሄድ የሌላኛዋም ጎጆ ይናጋል፤ ጠቡ የሁለት ቤተሰብ ይሆናል። የዚህ ልውውጥ ክብደት የሚያርፈው ሳትጠየቅ በምትሄደው ልጅ ላይ በመሆኑ፣ የተማሩ የጉሙዝ ሴቶች ራሳቸው ሲሟገቱት ቆይተዋል። መከተል ሁሉ ምርጫ እንዳልሆነ ለማወቅ የፓዌን ገበያ አንድ ከሰዓት መዞር ይበቃል።

ወይን ጠጁ አበባ

ባለቤቴ የምትሠራበት የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል የጣና በለስ ፕሮጀክት ልጅ ነው። ፕሮጀክቱ ሲፈርስ እሱ አልፈረሰም፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ሆኖ በተለይ የአኩሪ አተር ምርምርን በአገር ደረጃ ያስተባብራል። አንድ ጠዋት ሠራተኛ ጎደለና «ዳታ ሺት መያዝ ትችላለህ?» አለችኝ። እሷ ፕሎት ውስጥ ቁጢጥ ብላ ግንድ ትነቅላለች፣ ቆባውን ትቆጥራለች፣ ቁጥር ትጠራለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ቤት ውስጥ ሒሳብ የሚይዘው እኔ ነኝ፤ እዚያ ግን ስሳሳት «ሦስተኛው ሪፕሊኬሽን ነው እኮ፣ አንተ!» የሚል የማላውቀው የአለቃ ድምፅ ሰማሁ። ባልንጀሮቿ ሳቃቸውን ለመደበቅም አልሞከሩ።

ከሥራው በኋላ አንድ የማሽላ ማሳ ዳር አቆመችኝ። ማሽላው ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል፤ ከሥሩ ግን ወይን ጠጅ አበባ የለበሰ ያማረ አረም ማሳውን ሞልቶታል። «ይኼ ነው አቀንጭራ» አለች። አቀንጭራ ከአፈር በላይ ከመታየቱ በፊት በማሽላውና በበቆሎው ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። ገበሬው አበባውን ሲያይ ጉዳቱ ደርሷል። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ከዱቄት የማይተናነስ ደቃቅ ዘር ይጥላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃውም የእህሉ ሥር የሚያወጣውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ነው።

የአኩሪ አተር ጥቅም እዚህ ላይ ይመጣል። የአኩሪ አተር ሥርም የአቀንጭራን ዘር ያነቃል፤ የነቃው አቀንጭራ ግን አኩሪ አተር ላይ መጣበቅ ስለማይችል ሳያፈራ ይሞታል። እንዲሁም በአኩሪ አተር ሥር ላይ የሚታዩት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ወደ ምግብነት ይለውጣሉ፤ ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ ከሌለ ሕያው ማዳበሪያ ተብሎ ከዘሩ ጋር ይለወሳል። ስለዚህ አንድ ዓመት አኩሪ አተር፣ በሚቀጥለው ማሽላ ወይም በቆሎ የሚያፈራርቅ ገበሬ አረሙንም ያቀላል፣ አፈሩንም ይክሳል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አያደርገውም ብዬ ጠየቅኳት። «እንጀራ አይሆናቸውማ» አለችኝ። አኩሪ አተር ለገበያ እንጂ ለድስት የተለመደ አልነበረም። ማዕከሉም የአኩሪ አተርን ወተት አወጣጥ፣ ከእህል ጋር እየቀላቀሉ መጋገርንና ወጥ መሥራትን ለሴቶች ማሠልጠን ነበረበት። ዘሩን የመረጠው ተመራማሪ ቢሆንም፣ ሰብሉ ፓዌ ላይ ሥር መስደዱን የወሰነችው ምጣድ የጣደችው ሴት ናት።

ግቢ የሞሉ አስታማሚዎች

ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈት የሆነ ሰው ፓዌ ውስጥ መጨረሻ ላይ የሚያዘግመው ወደ ሆስፒታሉ አካባቢ ነው። ጣሊያኖቹ የሠሩት ይህ ሆስፒታል ለመተከልና ለአካባቢው ቆላ ሁሉ መድኅን ሆኖ ኖሯል። ውስጥ በሽተኞች ተኝተዋል፤ ውጭ ዛፍ ሥር የተከተሏቸው ሰዎች ሌላ ከተማ ሠርተዋል። ሦስት ድንጋይ ጎልተው ገንፎ የሚያገነፉ አሉ፤ የታጠበ ነጠላ ቁጥቋጦ ላይ ያሰጡ አሉ።

አንድ የጉሙዝ ወጣት ሚስቱ ወልዳ ተኝታለች፤ አጥሚት የሚሠራበት ዕቃ የለውም። ከጎኑ እናቷን የምታስታምም የሐዲያ ልጅ ድስቷን ሰጠችው። አጥሚት ሠርቶ ስለማያውቅ ማማሰያውን ተቀብላ ራሷ ታማስል ጀመር፤ እሱ በተራው ለእሷ ውኃ ሊቀዳ ጀሪካን አንሥቶ ሄደ። የሚግባቡት በተሰባበረ አማርኛ ነው። በሆስፒታሉ መዝገብ የሁለቱም ስም የለም። ግቢው ያለ እነሱ ግን አንድ ቀን አይውልም።

ከዚያ ወዲህ

ከዚያ ጉዟችን በኋላ መተከል ከባድ ዓመታት አይቷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በዞኑ የተነሣው ማንነትን መሠረት ያደረገ ጥቃት ብዙ ሰው ገደለ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ቡለን ወረዳ በኩጂ ላይ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በአሥር ሺዎች ተፈናቀሉ፤ ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ። መተከል በሚገኝበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ተብለው የተዘረዘሩት በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። «ባለቤት» እና «ሌላ» የሚለው ክፍፍል በአንድ በኩል የተገፋውን ጉሙዝ መብት አስከበረ፤ በሌላ በኩል ፓዌ ተወልዶ ያደገውን የሰፋሪ ልጅ አገሩ የት እንደሆነ ያልተመለሰ ጥያቄ ውስጥ ከተተው። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው የፓዌን ነገር ግማሹን ነው የሰማው።

ትልልቅ ዕቅዶችም ቀጥለዋል። ያው ሳሊኒ ከጣና ሐይቅ ውኃ ወደ በለስ እያሻገረ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የበለስ ጣቢያ ሠርቷል፤ ጣቢያውም በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል። ኋላ ስሙን ዊቢልድ ያለው ይኸው ተቋራጭ ጉባ ላይ የያዘው የህዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ውኃው ለተኛበት ቦታ ሲባል ከአባይና ከበለስ ዳር የተነሡ የጉሙዝ ቤተሰቦች በአዲስ መንደር ሰፍረዋል። የሰፈራ መዝገብ ዛሬም ይከፈታል ማለት ነው።

ከ1977ቱ መዝገብ ወዲህ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ያንን አዋጅ ቡና ላቀመሱኝ እናት ሳነሣላቸው አዲስ አልሆነባቸውም። «ደብተሩ ላይ የእሱ ስም መጀመሪያ ነው፣ የእኔ ቀጥሎ ነው። ይሁን። ድሮ ቁጥር ነበርኩ» አሉኝ። መተከል ላይ ነገ ለሚሰፍረውም ለሚነሣውም ቤተሰብ መዝገብ የሚይዝ ሹም ከዚህ መጀመር ይችላል፦ የተከተለውን ሰው በስሙ ይጻፍ። ፓዌ ፕሮጀክቱ ከሄደ በኋላ ቆማ የቀረችው ተከትለው በመጡት ሰዎች ነው።